አያቴ ሱቅ ውስጥ የተማርኩት እንግሊዝኛ

አዲስ ጨርቅ ጫፉን በመቀስ ነክተው በእጅ ሲቀድዱት ጭርርር ይላል። ከጩኸቱ ጋር ትንሽ አቧራ ብን ይላል፤ አቧራው ደግሞ ይሸታል። ያልታጠበ ጥጥ ይሸታል፤ መጋዘን ይሸታል፤ ትንሽ ጋዝ ጋዝም ይላል። ሌላው ሰው ትኩስ ዳቦ ሲሸተው ልጅ ይሆናል፤ እኔን ልጅ የሚያደርገኝ አቡጀዲ ነው። ባለፈው ሰሞን ጎንደር ማራኪ ሰፈር ለተከራየኋት ክፍል መጋረጃ ልገዛ ገብቼ ባለሱቁ ጨርቁን ሲቀድደው፣ «ሜይ አይ ካም ኢን?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ከኋላዬ የሰማሁ መሰለኝ። ዘወር አልኩ። በሩ ላይ ፀሐይ ብቻ ነበር። ባለሱቁ «ምን ጠፋብሽ እህቴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው?

አያቴ ሐጂ አደም እዚያው ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሱቃቸው ጠባብና ረጅም ነው። ጨርቁ ግራና ቀኝ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን በቀዩ ሲያልፍ ይቀላል፣ በአረንጓዴው ሲያልፍ አረንጓዴ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ እኔ የምቀመጥበት የአቡጀዲ ጥቅል ጋ ሲደርስ ደክሞት ይተኛል። እኔም ብዙ ጊዜ አብሬው እተኛለሁ። በረንዳው ላይ አያ ይማም የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸው ስትሄድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ትመስላለች። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ሁለቱንም እሰማለሁ።

የመጣሁት ከሳንጃ ነው። አባቴ እዚያ ሰሊጥ ይነግዳል። ሳንጃ ቆላ ነው፣ ጎንደር ደጋ፤ ስለዚህ ወደ ጎንደር «እንወጣለን»፣ ወደ ሳንጃ «እንወርዳለን»። ከእኔ በፊት ታላቅ እህቴ ዘሃራ ለትምህርት ወጥታ ነበር። እንግሊዝኛ አልሆን ብሏት ከክፍሏ ዝቅ አደረጓት፤ አባቴ ይህን ሲሰማ መጥቶ አወረዳት፤ በዓመቱ ዳራት። እኔን ሲልከኝ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተደግፎ የተናገረው አንድ ነገር ነው።

«ሰሚራ፣ ክፍል ዝቅ ካልሽ ቤትሽ ትወርጃለሽ። እንደ ዘሃራ።»

ክፉ አባት አልነበረም። ግን አንዴ የቆረጠውን ዋጋ የማያነሳ የማይጥል ነጋዴ ነው። እኔም አምስተኛ ክፍል ከላይ፣ አራተኛ ክፍል ከሥሩ፣ ሳንጃ ከሁሉም በታች እንደሆነ አምኜ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። በአራተኛ ክፍል በር ሳልፍ የቆላ ሙቀት ፊቴን ይነካኝ ነበር። ወላሂ ይነካኝ ነበር! እዚያ ያሉት ልጆች በጎንደር ብርድ ሹራብ መልበሳቸው ይገርመኛል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ደረጀ ገና ወጣት ነው። ከአዘዞ በሚኒባስ ይመጣል፤ ጫማው ላይ ሁልጊዜ ጭቃ፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ። በእሱ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ክልክል ነው። መግባት፣ መውጣት፣ ላጲስ መዋስ፣ «አልገባኝም» ማለት ጭምር በእንግሊዝኛ ነው። ሳንጃ እንግሊዝኛን በአማርኛ ነበር የምንማረው፤ ማንም አልተጎዳበትም። እዚህ ግን ልጆቹ እጃቸውን ያወጡና «ኤክስኪዩዝ ሚ ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» ይላሉ፤ ቲቸር «የስ፣ ዩ ሜይ» ይላቸዋል፤ ተሯሩጠው ወደ ሽንት ቤት ይሄዳሉ። በእኛ ቤት ሽንት ቤት ሲገባ የሚባል የጸሎት ቃል፣ ዱዓ አለ። ይሄኛው የከተማው ዱዓ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተገረምኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ግቢ ውስጥ አንዷ ገፍታኝ «ምነው ትገፊኛለሽ?» አልኳት። በአነጋገሬ ሳቁብኝ። ሌላ ቀን ስለ አንዷ ቦርሳ «ሸጋ ነው» አልኩ፤ ጭራሽ አጨበጨቡ። አማርኛዬ ይህን ያህል ካሳቃቸው እንግሊዝኛዬማ ሆዳቸውን ያሳምማቸዋል! ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ዘጋሁት። ቲቸር ደረጀ ስሜን ሲጠራ እቆማለሁ፤ ይጠይቀኛል፤ ጣቶቼን አያለሁ፤ «ሲት ዳውን» ሲለኝ እቀመጣለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን መስከረም አለቀ።

ከዚያ ወላጅ ተጠራ። አያቴ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው ሄዱ። ቲቸር ደረጀ በትሕትና ነው የነገራቸው። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ በጥር ወር ወላጆች በተገኙበት የቃል ፈተና አለ፤ ልጅቱ እስከዚያ መጠየቅና መመለስ ካልቻለች አራተኛ ክፍል ትቀመጣለች። አያቴ ከፊቴ ፈጠን ፈጠን እያሉ ተመለሱ። ሱቅ ገብተው ጫማቸውን አውልቀው፣ የጨርቅ መለኪያ ብረታቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያስቀምጡ ነው ወደ እኔ የዞሩት።

«ዛሬ ምን ጠየቀሽ ሰውየው?»

«ወንበር አሳየኝና ‹ዋት ኢዝ ዚስ?› አለኝ። ምንድን ነው ማለቱ ነው።»

«ወንበር አያውቅም?»

«ያውቃል፣ አባባ።»

«ካወቀ ምን ያስጠይቀዋል?»

እኔንም ሲከነክነኝ የነበረው ይኸው ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም የተማረ፣ የተቀመጠበትን ወንበር ምንድን ነው ብሎ ልጅ ይጠይቃል። ቤታችን አዋቂ የሚጠይቀው የጠፋበትን ነገር ነበር፤ መቀሱን፣ ቁልፉን፣ ያመለጠች ዶሮ የገባችበትን። አያቴ ጢማቸውን አሻሹ።

«ገባኝ» አሉ። «እኔም እኮ የማውቀውን ደንበኛ ‹ከየት መጣህ? ዝናቡ እንዴት ነው?› እለዋለሁ። ጠፍቶኝ መሰለሽ? ድምፁን እንዲያወጣ ነው። ድምፁን ካወጣ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ ይገዛል። ሰውየው ወንበሩን ምን ይሠራለታል? የፈለገው ድምፅሽን ነው።»

«ድምፄ ያስቃል።»

«ይሳቁዋ! በይ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ተማሪ ነኝ፣ አንቺ ቲቸር።»

«ኧረ አባባ!»

«ቁርአን ቤት እንጂ አስኳላ በር ረግጬ አላውቅም። እንዳማረኝ ነው የኖርኩት፣ አትከልክይኝ።»

በማግስቱ ወደ አስር ሰዓት ግድም ከመስጊድ ተመለሱ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከመንገዱ ላይ እንፋሎት ይነሳል። አያቴ የበሩ ደፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። እጅጌያቸው ከውዱእ፣ ከሰላቱ ትጥበት፣ ገና አልደረቀም። ጠዋት ያስጠናኋቸውን አንድ በአንድ፣ እንደ አያት ሳይሆን እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው አሉት።

«ሜይ አይ ካም ኢን?»

«የስ፣ ካም ኢን» ማለት ነበረብኝ። አቡጀዲው ላይ ቁጭ ብዬ ጣቶቼን አየሁ። አያቴ አልገቡም። አንዲት የገጠር ሴት ጃንጥላዋን አጥፋ መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«ግቡ እንጂ አያ! ለልጄ ቀሚስ ፈልጌ ነበር።»

«ትንሽ ታገሺ እመቤቴ፣ ቲቸሯ አልፈቀደችልኝም።»

«ሱቁ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«የራስዎን ሱቅ ማን ይከለክልዎታል?»

«እሷ» አሉ፣ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ።

አያ ይማም መኪናቸውን አቆሙ። ያቺ መኪና ዝም ስትል ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ወደ እኔ ያዞረ መሰለኝ። ሴትዮዋ በበሩ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። አያቴ ከበረንዳው በላይ የተወጠረው፣ ውሃ የቋጠረው ሸራ ጠብ ጠብ እያለባቸው በፍጹም ትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሰላት ቢቆሙ ግድ ያላቸው አይመስሉም። አሳዘኑኝ። ተናደድኩባቸውም። «የስ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «ካም ኢን!» ድምፄ በጨርቁ መሃል ሄዶ በሩ ላይ ደረሰ፤ ምንም አልሰበረም፣ ማንንም አላስደነገጠም። አያቴ ጎንበስ ብለው «ታንክ ዩ ቲቸር» አሉና ገቡ። ሴትዮዋ «እሰይ፣ ፈቀደች!» ብላ ተከተለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ አንድ ረጅም ከሰዓት ሆኖ ነው የሚታየኝ። አደይ አበባው ከመንገዱ ዳር ደረቀ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከነገሥታቱ ግንብ ላይ ወረደ፣ የባጃጆቹ መብራት በጭጋጉ ውስጥ ተንሳፈፈ፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እዚያው አቡጀዲ ላይ ነኝ። አያቴ ጥቅል ጨርቅ ዘርግተው «ኦፕን ዩር ቡክ» ይላሉ። መቀስ አንስተው «አር ዩ ሬዲ?» ይላሉ፤ ጨርቁ ጭርርር ይላል። አያ ይማም ሰላት ሲደርስ እጃቸውን አውጥተው «ሜይ አይ ጎ አውት?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እፈቅድላቸዋለሁ። አንዴ ብቻ ለጨዋታ «ኖ» ብያቸው በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ፤ ያን ጊዜ ነው አያቴ የተቆጡኝ።

«ይህን ቃል እዚህ ቤት እንዳትደግሚው» አሉኝ።

በአያቴ ሱቅ «የለም» አይባልም ነበር። ደንበኛ የሌለ ጨርቅ ቢጠይቅ፣ እንደሌለ ጠንቅቀው እያወቁ «ልይ እስቲ» ብለው ይነሳሉ። መደርደሪያውን ያያሉ፣ ጥቅሉን ከፍ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥር ይፈልጋሉ፤ መጨረሻ ላይ «ነገ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ። «የለም» ካልሽ ሪዝቁ፣ አላህ የሰጠው ሲሳይ፣ ይሰማሻል፣ ሰምቶም ይሄዳል፤ እንዲህ ነበር እምነታቸው። የእንግሊዝኛው «ኖ» ወንድሙ ስለሆነ እሱም ተከለከለ። መጽሐፌ ውስጥ «ሌት ሚ ሲ» የሚል አገኘሁ፤ ልይ እስቲ ማለት ነው። «ነገ» ደግሞ «ቱሞሮው» ነው። አያቴ በሁለቱ ቃላት እጅግ ተደሰቱ። «ይሄማ የነጋዴ ቋንቋ ነው!» አሉ። «ዱ ዩ ሃቭ» እያልኩ የሌለውን ሁሉ እጠይቃቸዋለሁ፤ ሐር፣ ከፋይ፣ ግመል፣ አውሮፕላን። «ሌት ሚ ሲ» ይሉና ከሥር ይፈልጉልኛል።

ፈተናው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር። ወላጆች ከኋላ በተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል፤ አያቴ ከሁሉም ፊት ናቸው። አባቴም ሰሊጡን ሊሸጥ ጎንደር ወጥቶ ስለነበር መጥቷል። መቀመጫው ጠቦት በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ስሜ ተጠራ።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

«ማይ ኔም ኢዝ ሰሚራ» አልኩ። ድምፄ ወጣ። ቲቸር ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»

«አይ ሊቭ ኢን ጎንደር።»

አባቴ ከአረፍተ ነገሩ ጎንደርን ብቻ ነው የሰማው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ቀጥሎ ቲቸር ወደ ጠረጴዛው አመለከተ። መጽሐፍ፣ ጠመኔና ዳስተር ተቀምጠዋል። «ኢዝ ዜር ኤ ፔንስል ኦን ዘ ቴብል?» አለ። ጠረጴዛው ላይ እርሳስ አለ ወይ ነው ጥያቄው። እርሳስ የሚባል ነገር የለም፤ እኔም አይቼዋለሁ።

«ሌት ሚ ሲ» አልኩ።

ሄድኩ። መጽሐፉን ከፍ አደረግኩ። ዳስተሩን ገለበጥኩ። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ፈለግኩ፤ አልበቃኝ ብሎ መሳቢያውን ሳብኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አያቴም ሳቁ፤ ደንበኛ ሲደሰት እንደሚስቁት ሳቅ። ቲቸር ደረጀ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘና ቀለል ያለ ጥያቄ መስሎት፣ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ባይስክል?» አለኝ። ቢስክሌት አለሽ? እኔ ቢስክሌት ከየት አመጣለሁ? አያቴን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

«ቱሞሮው» አልኩ። ኋላም ጎደሎ እንዳይሆን «ኢንሻአላህ» ጨመርኩበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጫጫታ ነው። «ማሻአላህ!» የሚል የአያቴ ድምፅ ከሳቁ በላይ ይሰማኛል። የቲቸር ደረጀ ጆሮ ቀልቷል። «ሴይ ኖ! ጀስት ሴይ ኖ!» ይለኛል። አፌን ከፈትኩ፤ ሪዝቅ የሚባለው ነገር በሩ ላይ ከአባቴ አጠገብ ቆሞ የሚያዳምጥ መሰለኝና መልሼ ዘጋሁት።

ወላጆች ሲወጡ ቲቸር አያቴን አስቀራቸው። በዚያ ክፍል አማርኛ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የጽሑፍ ውጤቴ ደካማ እንደሆነ፣ ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት እንደቀለድኩበት፣ ከሰኞ ጀምሮ አራተኛ ክፍል እንደምቀመጥ ነገራቸው። የአያቴ ፈገግታ እንደዚያ ቀስ እያለ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። «ቀልድ አይደለም፣ መምህር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሱቅ ልማዴን ነው ያስተማርኳት» ብለው ሁሉንም አስረዱት። እሱም ሰምቶ ራሱን አከከ፣ ሊስቅም ከጅሎት ነበር፤ የጽሑፍ ውጤቱን ግን ምን ያድርገው? አባቴ በሩ ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ቃል ሰማ።

ሱቅ እንደደረስን አባቴ አያቴን እንጂ እኔን አላናገረም። «እንግዲህ ሐጂ፣ ነገ ጠዋት እንወርዳለን» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

«ልጅቱ አፏን ፈታች እኮ።»

«አይቻለሁ። ቃሌን ግን ታውቀዋለች።»

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው፤ በአባት ላይ ምን ቃል አላቸው? መለኪያ ብረታቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። አባቴ ወደ በረንዳው ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ አባቷን አትጠይቅም። የፈለገችውን ለእናቷ ትነግራለች፤ እናት ሰውየው ጠግቦ፣ ፊቱ ተፈትቶ የሚገኝበትን ሰዓት ትጠብቃለች፤ መልሱም በእናት በኩል ይመጣል፤ ከመጣ። እናቴ ደግሞ ሳንጃ ነች። ቦርሳዬን አቅፌ አቡጀዲው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቆይቼ ተነሳሁ። በአረንጓዴው በኩል፣ በቀዩ በኩል አልፌ በሩ ጋ ደረስኩ። አስቤበት አይደለም። ያን ሰሞን ሙሉ ነገር የፈለገ ሁሉ እንደዚያ ሲያደርግ ስላየሁ ነው፤ ቆምኩና እጄን አወጣሁ።

«አባዬ» አልኩ። «ልቅር?»

ዞረ። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ ነው የፈለገው።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

አያቴ አጎንብሰዋል። አያ ይማም መርፌ ላይ ክር ሊያስገቡ እንደያዙት ቀርተዋል። እጄን አላወረድኩም፤ መልስ ሳይመጣ አይወርድማ። ሲደክመኝ ተማሪ እንደሚያደርገው በሌላው እጄ ክርኔን ደገፍኩት።

«አራተኛም ቢሆን» አልኩ። «ልቅርና ልማር?»

አባቴ እጄን አየው። አይን አይኔን አላየም፤ ያቺን የተነሳች እጅ ነበር የሚያየው። 

«እጅሽን አውርጂ» አለኝ በስተመጨረሻ። «ቅሪ።»

አያቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ወዴት እንደምሄድ፣ ማንን እንደማቅፍ ጠፋኝ። አባቴ ግን ደስ አላለውም። ሱቅ በር ላይ ሲቀመጥ አይቼው የማላውቀው ሰው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ዘሃራ እኮ አልጠየቀችኝም» አለ።

 ዘሃራ ያን ጊዜ ሳንጃ፣ የመጀመሪያ ልጇን ታጠባ ነበር።